በሽማግሌ የገባ ትዳር በሽማግሌ ይውጣ?

የደረሰን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን። ከተጋባን 11 ዓመት ሆነን። የ9 ዓመት ወንድና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የልብስ ሱቅ አለችኝ። አይመታኝም፣ አይሰድበኝም። ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ቤት የሚያድሩ ጎረቤታሞች ሆነናል። ባለፈው ወር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ብንለያይ ይሻላል አልን። አልተጣላንም፣ ተላቅሰን ነው የተስማማነው። ወንድሞቼ ‹ጠበቃ ያዢ፣ ሳይቀድምሽ ቅደሚው› ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ‹በሰማኒያ ነው የተጋባችሁት። በሽማግሌ የገባ ትዳር በሽማግሌ ይውጣ፣ ምን ፍርድ ቤት ያስኬዳል› ትላለች። እኔም ፍርድ ቤት መቆም አልፈልግም። በእሱ ስም የተመራነው ቦታ ላይ ጅምር ቤት አለን። ጣራውን ለማልበስ ከወንድሙ ተበድረናል። እኔም ዕቁብ ወስጄ ሱቁ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ገና እከፍላለሁ። ሽማግሌ ፊት ተፈራርመን ብንጨርሰው አይበቃም? ለልጆቹስ ማን፣ ምን ብሎ ይንገራቸው?»
ስሜ ይቆይ፣ ከሳቢያን

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ተላቅሰን ነው የተስማማነው» ያልሽው ላይ ቆየሁ። እዚህ ዓምድ ላይ ስለ ፍቺ ብዙ ደብዳቤ ይመጣል፣ እንዲህ የሚል ግን ጥቂት ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ትልቅ ነገር ነው። ሳይበላሽ እንዲደርስላችሁ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

በእናትሽ ልጀምር። እናትሽ ያሉትን ከመሬት ተነስተው አላሉትም። በፊት ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ፍቺ የሚወስኑት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ነበሩ። ስለዚህ በእሳቸው ዘመን «በሽማግሌ ይውጣ» ማለት ትክክል ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። ይህ የፌዴራል ሕግ አዲስ አበባና እኛ ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። (ሐረር ያላችሁ አንባቢዎች፣ የእናንተ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። እሱን ጠይቁ።)

በዚህ ሕግ ሽማግሌ ማስታረቅ ይችላል፣ ማስማማት ይችላል። ጋብቻን ማፍረስ ግን የፍርድ ቤት ብቻ ነው። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ተጋቡ፣ በሃይማኖት ተጋቡ፣ እንደናንተ በሰማኒያ ተጋቡ፣ ሁሉም እኩል ጋብቻ ነው። መግቢያው ሦስት በር አለው፣ መውጫው አንድ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሱ፦ አይበቃም። ግን አትደንግጪ። ፍርድ ቤት መሄድና ፍርድ ቤት መካሰስ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንቺ የፈራሽው መካሰሱን ነው። እሱን ማስቀረት ትችላላችሁ፣ ሕጉም መንገዱን ከፍቶላችኋል።

የአዋጁ አንቀጽ 77 ባልና ሚስት በስምምነት መፋታት ይችላሉ ይላል። ሁለታችሁም በአንድ ማመልከቻ ትቀርባላችሁ። ከሳሽ የለም፣ ተከሳሽ የለም። ከማመልከቻው ጋር ስለ ልጆቹ፣ ስለ ንብረቱና ስለ ዕዳው የተስማማችሁበትን ጽሑፍ ታያይዛላችሁ። ለምን እንደምትፋቱ በችሎት መዘርዘር ግዴታችሁ አይደለም። የመኝታ ቤታችሁን ነገር ማንም አይሰማም።

ዳኛው አንድ ነገር ማድረጋቸው አይቀርም። ሁለታችሁንም አብራችሁ ወይም ለየብቻ ያነጋግሯችኋል። እውነት ከልባችሁ ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይናደዳል፣ «ወስነን መጥተን ለምን ያመላልሱናል» ይላል። እኔ ግን ያ ጊዜ ጥሩ ነው እላለሁ። የ11 ዓመት ትዳር ነው። ልባችሁ ቢመለስ የሚያፍር የለም። ካልተመለሰ ደግሞ ትቀርባላችሁ፣ ዳኛውም ስምምነታችሁ በነጻ ፈቃድ መሆኑን፣ ልጆቹንና ሁለታችሁን የሚጎዳ አለመሆኑን አይተው ያጸድቁታል። አንዱን የሚጎዳ ነገር ካገኙበት ያንን ክፍል ያስተካክላሉ።

አሁን «ሽማግሌ ፊት ተፈራርመን ብንተወውስ» ወደሚለው ልመለስ። ይህ የሚያሳስበኝ ነገር ነው፣ እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ።

ከዚራ አካባቢ የማውቀው ሰው አለ። ከሚስቱ ጋር በሰላም ተለያዩ። ወረቀት ተጻፈ፣ ሽማግሌ ፈረመ፣ ምሳ ተበላ። ፍርድ ቤት ማንም አልሄደም። ከስድስት ዓመት በኋላ ሌላ ሴት ሊያገባ ተነሳ። ያላገባ ማስረጃ ሲጠይቅ አጣ። በሕግ ፊት አሁንም ባለትዳር ነው። በዚያ ላይ ብቻውን ሆኖ የገዛው ባጃጅ ሳይቀር «የጋራ ነው» የሚል ክርክር ተነሳበት። ያች በፍቅር የተፈረመች ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበረች፣ ምንም አልረዳችውም። ሕጉ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እያሉ የሚዋዋሉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት የለውም ይላልና። ሁለት ሰላማዊ ሰዎች ባልተጨረሰ ነገር ምክንያት ከስድስት ዓመት በኋላ ጠላት ሆኑ።

የአንቺም ነገር እንዲሁ ነው። ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ሱቅሽ የምታስገባው ገቢ የጋራ ነው። የእሱም ደመወዝ የጋራ ነው። ነገ ከሌላ ሰው ልጅ ብትወልጂ ሕጉ አባት ብሎ የሚገምተው እሱን ነው። ሌላ ጋብቻ የፈጸመ ደግሞ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ሁሉ ጣጣ የሚቀረው በአንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ውሳኔውን ካገኛችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ፍቺውን አስመዝግቡና የምስክር ወረቀታችሁን ያዙ። ይህቺን የመጨረሻ እርምጃ ብዙ ሰው ይረሳታል።

ሽማግሌ አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስልሽ። እንዲያውም ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። ፍርድ ቤት ይዛችሁ የምትገቡት ወረቀት የሚወለደው ሽማግሌ ፊት ነው።

ሽማግሌ ስትመርጡ ታዲያ ተጠንቀቁ። ሦስት ሰው ይበቃል። አንድ በአንቺ፣ አንድ በእሱ፣ አንድ ለሁለታችሁም የማይወግን። ወንድሞችሽ ይቅሩ። ይወዱሻል፣ ስለሚወዱሽ ነው የሚቀሩት። የእሱ የበርጫ ጓደኞችም ይቅሩ። አንዲት ሴት ትኑርበት። የልጅ ቀለብ ስንት እንደሚፈጅ፣ የደብተርና የዩኒፎርም ዋጋ ስንት እንደገባ ከሴት በላይ የሚያውቅ ስንት ወንድ ሽማግሌ አይቻለሁ? በጣቴ የምቆጥረው ነው። ደግሞ አፉን የሚይዝ ሰው ይሁን። እዚህ አገር ጠዋት ቀፊራ የተወራ ነገር ከሰዓት ሳቢያን ይደርሳል።

የምትነጋገሩበትን ሰዓትም ምረጡ። ከሰዓት በዚያ ሙቀት ስለ ገንዘብ አታንሱ። እሱም ከመንገድ የገባ ዕለት አይሁን፣ ሰውነቱ መኪናው ላይ ነው ያለው። ይተኛ፣ በማግስቱ ማታ ሲነፍስ ቡና አፍልታችሁ ጀምሩ። በአንድ ማታ ለመጨረስ አትሞክሩ። አንድ ማታ ልጆቹን፣ ሌላ ማታ ቤቱን፣ ሌላ ማታ ዕዳውን። የተስማማችሁበትን እዚያው ጻፉት።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ገንደቆሬ አካባቢ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ወሩ ግንቦት ነው፣ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ባልና ሚስቱ ትልቁን ነገር ሁሉ በሰላም ጨርሰዋል። ሞተሩ የእሱ፣ የልብስ ስፌት መኪናው የእሷ። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሁሉም ተጽፏል። ከዚያ ቬንትሌተሯ ላይ ሲደርሱ ተያያዙ። አንዲት የቆመች፣ አንገቷ በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ ቬንትሌተር። እሱ «በመጀመሪያ ደመወዜ ነው የገዛኋት» ይላል። እሷ «ሞተሯ ሲቃጠል ያሠራኋት እኔ ነኝ» ትላለች። ሁለት ሰዓት ፈጀ። የድሮ ቂም ሁሉ በቬንትሌተሯ በኩል ወጣ፤ የሠርጉ ጊዜ፣ የእናቱ ነገር፣ የአንዱ ፋሲካ ነገር። እኛ ዋጋዋን ገምተን ግማሹን ይክፈላት ብለን ስንሟገት አንዲት አብረውን የተቀመጡ እናት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ማታ ማታ ማን ላይ ነው የምትነፍሰው?» አሉ።

ማንም አልመለሰም። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቬንትሌተሯ የምትዞረው እሱ አልጋ ፊት ነው። ወረቀቱ ላይ «ቬንትሌተር፦ ልጁ የሚያድርበት ቤት» ተብሎ ተጻፈ። የቀረው ዝርዝር በሩብ ሰዓት አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ በተቀመጥኩበት ሁሉ የዕቃ ዝርዝር ከልጅ ነው የማስጀምረው። ልጆቹ የት ያድራሉ? የት ይማራሉ? እዚያ ምን ያስፈልጋቸዋል? ያ ሲመለስ ግማሹ ዕቃ ባለቤቱን በራሱ ያገኛል። እናንተም ከዚያ ጀምሩ።

ስለ ልጆቹ ሕጉ «የእናት ናቸው» አይልም፣ «የአባት ናቸው» ም አይልም። የሚጠቅማቸውን እዩ ነው የሚለው። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ እሱ መንገድ ላይ ስለሚውል ልጆቹ አንቺ ጋ ሊያድሩ ነው። እንዲያ ከሆነ የእሱን ቀን በደንብ ጻፉለት። ብዙ ስምምነት ላይ «አባት ዘወትር ቅዳሜ ይጎበኛል» ተብሎ ይጻፋል። ለሾፌር ይህ ከንቱ ነው። ቅዳሜ ደወሌ ኬላ ላይ ተሰልፎ ሊሆን ይችላል። ልጁ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ይጠብቃል፣ አባቱ አይመጣም፣ አንቺ ትናደጃለሽ። ከሁለት ወር በኋላ ነገሩ ጠብ ይሆናል። «ከመንገድ በገባ በማግስቱ ልጆቹ እሱ ጋ ያድራሉ፣ ከመምጣቱ በፊት ይደውላል» ብላችሁ ጻፉ። ኑሯችሁ በሚሄድበት መንገድ ይሂድ። የበዓል ቀንና የክረምት ዕረፍትም ይጻፍ።

ለቀለብ ሕጉ የተቆረጠ መጠን የለውም። የልጆቹ ፍላጎትና የወላጆቹ አቅም ነው የሚታየው። ስለዚህ የአንድ ወር ወጪያቸውን እውነተኛውን ቁጥር ጻፊ። አታጋኚ፣ አትቀንሺም። በየወሩ በስንት ቀን እንደሚገባ ይጻፍ። በእጅ ባይሆን ደስ ይለኛል። በባንክ ወይም በቴሌብር ይላክ፣ ለሁለታችሁም ማስረጃ ይሆናል፣ «ሰጥቻለሁ፣ አልሰጠህም» የሚባል ነገር አይኖርም። መስከረም ላይ ለትምህርት ቤት የሚወጣውና ድንገት ለሕክምና የሚያስፈልገው ለብቻው ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን ይጠቀስ። ወርሃዊው ላይ ከተደበላለቀ በየመስከረሙ ትጨቃጨቃላችሁ።

ቤቱ በእሱ ስም ነው ብለሽ ሰግተሻል። አትስጊ። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ሲፋቱም የጋራ ንብረት እኩል ነው የሚካፈለው። ወንድሞችሽ «ቅደሚው» የሚሉሽ ይህን ስለማያውቁ ይመስለኛል። መቅደም አያስፈልግሽም።

ጅምር ቤት ግን ለሁለት አይቆረጥም። አንዳችሁ ልትወስዱትና ለሌላው ድርሻውን ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ልትሸጡትና ልትካፈሉ ትችላላችሁ። ወይም ጨርሳችሁ አከራይታችሁ ኪራዩን ለልጆቹ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ይህኛው ለተስማሙ ሰዎች ደስ የሚል ነው፣ ግን ለዓመታት ያቆራኛችኋል፣ አስቡበት። የትኛውንም ብትመርጡ ቤቱን መሐንዲስ ይገምተው። በግምታችሁ አትሂዱ፣ «ዘጋሁ» ያላችሁት ነገር በኋላ «ተሸወድኩ» ይሆናል። ካልተስማማችሁ መጨረሻው ሐራጅ ነው። ሐራጅ ላይ ጅምር ቤት ምን ያህል እንደሚወርድ ሰፈር ውስጥ ያለ ደላላ ይነግርሻል።

ከወንድሙ የተበደራችሁት ለቤቱ ጣራ ነው፣ ስለዚህ የሁለታችሁም ዕዳ ነው። በስሙ ስለተበደረ ለእሱ አትተዪለት። ዕቁቡም እንዲሁ ነው። የወሰድሽው ገንዘብ ሱቁ ውስጥ ካለ ሱቁ ሲቆጠር ቀሪው የዕቁብ ክፍያ ከላዩ ይቀነስ። ይህን ሁለታችሁም በግልጽ ካላሰፈራችሁት አንዱ ትርፉን ይዞ ሌላው ዕዳውን ይዞ ይወጣል።

ወረቀቱ ሲያልቅ አንድ የሕግ ባለሙያ ያንብብላችሁ። ወንድሞችሽ ያሉት ጠበቃ ሌላ ነው፣ ይኼኛው ሌላ ነው። ይህ የሚሟገት አይደለም፣ ቃሉን የሚያስተካክል ነው። የሚከፈል ከሌላችሁ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ከዚያ ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የድሬዳዋ ምድብ ችሎት ይዛችሁ ሂዱ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ላይ ብትያያዙም ሁሉንም አትበትኑት። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል አሠራር አለ። የተስማማችሁበትን ይዛችሁ የቀረውን እዚያ መጨረስ ትችላላችሁ።

ለሙስሊም አንባቢዎቻችን አንድ ቃል። ድሬዳዋ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የሚሠራ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። እዚያ የሚዳኘው ሁለቱም ወገን ሲፈቅዱ ብቻ ነው። አንዱ ሌላውን በግድ አይወስደውም።

ይህ ሁሉ የምለው ደብዳቤሽ ውስጥ ዱላ ስለሌለ ነው። «አይመታኝም» ብለሽ ጽፈሻል፣ አምኜሻለሁ። የምትመታ፣ የምትፈራ እህት ይህን ካነበበች ግን ሽማግሌ ፊት ተቀምጣ ከሚመታት ሰው ጋር እንድትደራደር አልመክራትም። እሷ መጀመሪያ ደኅና ቦታ ትድረስ፣ ለፖሊስ ትንገር።

ለእናትሽ እንዲህ በያቸው። «እማዬ፣ በሽማግሌ ነው የምንጨርሰው፤ ፍርድ ቤት የሽማግሌዎቹን ሥራ ያጸናልናል»። እውነትም ነው፣ ቅር አይላቸውም።

ለልጆቹ ማን ይንገራቸው ላልሽው፣ ሁለታችሁም አንድ ላይ። አንቺ ብቻሽን ከነገርሻቸው አባታቸው ጥሏቸው የሄደ ይመስላቸዋል። እሱ ብቻውን ከነገራቸው አንቺ ያባረርሽው ይመስላቸዋል። የት እንደሚያድሩ፣ ትምህርት ቤታቸው እንደማይቀየር፣ አባታቸው መቼ መቼ እንደሚመጣ እናንተ ራሳችሁ ከወሰናችሁ በኋላ ንገሯቸው። መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የ5 ዓመቷ «እኔ ስላጠፋሁ ነው?» ልትል ትችላለች። ሳትጠይቅ በፊት አይደለም በሏት። ትልቁ ምንም ላይናገር ይችላል፣ ዝም ካለ ተዉት፣ በማግስቱ ይመጣል።

ቀኑንም አስቡበት። እሱ መኪና ሊያስነሳ ሲል አትንገሯቸው። አባታቸው ጅቡቲ እስኪደርስ ድረስ በዚያ ምክንያት ነው የሄደው ብለው ያድራሉ። ከመንገድ ገብቶ፣ አርፎ፣ ሁለት ቀን ቤት የሚቆይበት ጊዜ ይሁን። ነግራችኋቸው ሲነጋ ተነስተው አባታቸውን እዚያው ያግኙት።